ኮረብታውን ያስገዘትን ሰሞን

እኔ ሰውን መሪ አደርጋለሁ ብዬ ደመወዝ የምቀበል ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ወገቤን በትራስ ደግፌ ነው። ወገብህን ምን አገኘው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር መልካም ነበር፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ግን ራሴው ልናገር።

በኮሌጃችን የማስተምረው ትምህርት «አመራር ለበጎ ማኅበራዊ ለውጥ» ይባላል። ርእሱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስጨርስ ጠመኔው ያልቃል፤ ግማሹ ተማሪም ያንቀላፋል። ወድጄ አልያዝኩትም። የትምህርት ድልድል የተሠራ ዕለት ለቅሶ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ሌላው ሁሉ ተወስዶ እሱ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። እኔ እንኳን ሌላውን ራሴንም በወጉ መርቼ አላውቅም። ቤታችንን የምትመራው ባለቤቴ ናት፤ እሷ ሲደክማት ትንሿ ልጄ ትተካታለች። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና መጽሐፉን አነበብኩ፣ ሥልጠና ገባሁ፣ በየሥልጠናው ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠኝ፣ በዚሁ ባለሙያ ሆኜ ቀረሁ።

ክፍል ውስጥ አዘውትሬ የምናገራት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለችኝ። «መሪ ማለት ሌላው ያልረገጠውን ቀድሞ የሚረግጥ ነው» እላለሁ። ይህን ስል ቀኝ እግሬን ከፍ አድርጌ አንሥቼ ወደፊት እረግጣለሁ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። እግሩን ሳይቀር የሚሥሉም አሉ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ትምህርቱ በክፍል ብቻ አያልቅም። ክረምት ላይ ተማሪዎቹ ገጠር ወርደው አንድ ለውጥ መርተው ማሳየት አለባቸው። ስለዚህ አንድ የሐምሌ አርብ ሰባት ተማሪዎች አስከትዬ አርብ ገበያ ከተማ ደረስኩ። ስልክ ገና ወደ ገጠሩ መግባት የጀመረበት ሰሞን ነው። የኮሌጁ ሾፌር ጭቃውን አይቶ ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። በዚያ ሁሉ የገበያ ሰው፣ በዚያ ሁሉ አህያና ገብስ መሀል ትልቁን የሥልጠና ወረቀት ጠቅልዬ በትከሻዬ ተሸክሜ ሦስት ሰዓት በእግር ተጓዝን። ዝናቡም አላዘነልንም። ወረቀቱ ላይ በወፍራም ቀለም የጻፍኩት «ራዕይ» የሚል ቃል ሟሙቶ ኮቴ ላይ ታተመ፤ ወሩን ሙሉ እሱን ለብሼ ነው የከረምኩት።

ያረፍነው እማማ ስንዱ ግቢ ነው። እማማ ስንዱ ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑ፣ አጭርና ፈጣን ሴት ናቸው። በቤቱ ከእሳቸው ሌላ ያለች ነፍስ ዳልቻ የምትባል ላም ብቻ ናት። ዳልቻ ከብዳለች፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች እየተባለ ይጠበቃል። እማማ ስንዱ ጠዋት ከእኛ በፊት ለእሷ ነው እንዴት አደርሽ የሚሉት። ይህን ያየ አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ የቅድሚያ ባለድርሻ አካሏ ላሚቱ ናት» አለኝ።

ይህ ተማሪ ደሳለኝ ይባላል። ደሳለኝ የተፈጠረው ለስብሰባ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ በየዓመቱ አንድ አይጠፋም፤ ድምፁ ያምራል፣ እጁን ሲያወዛውዝ ያምራል፣ ምን እንዳለ ግን ማታ ስታስቡት አይገኝም። በኮሌጁ ቅጽ ላይ «የመሪነት ተሳትፎ» በሚለው ቦታ ለእሱ ገና ሳንወጣ «እጅግ ከፍተኛ» ብዬ ሞልቼለታለሁ። ብርቄ የምትባል የስማዳ ልጅ ደግሞ አለች፤ የቄስ ልጅ ናት። ብርቄ ሁለት ዓመት ሳስተምራት አንድ ጊዜ ተናግራ ሰምቻታለሁ፤ «መስኮቱ ይዘጋ?» ነው ያለችው። ለእሷም ገና ሳንወጣ «ዝቅተኛ» ብዬ ሞልቻለሁ። ቅጹን ቀድሞ መሙላት ሥራ ያቀላል።

የመረጥነው ለውጥ ኮረብታውን ማዳን ነበር። ከመንደሩ ራስጌ አንድ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ አለ። ከብት ግጦት ግጦት ድንጋዩ አግጥጧል። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ የገበሬውን ማሳ ይሞላዋል። ከብት እንዳይገባበት ይከለል፣ ችግኝ ይተከል፣ ሳሩ ሲደርስ በየተራ ይታጨድ አልን። ደሳለኝ ሦስት ስብሰባ ጠራ። በሦስቱም ሁሉም ሰው ተስማማ። እንዲህ ያለ ስምምነት በሕይወቴ አላየሁም፤ ቁጭ ብድግ ብለው ነው የተስማሙት። መተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ፤ መጻፍ የሚችል ፈረመ፣ የማይችል በጣቱ አተመ።

በማግስቱ ጠዋት ኮረብታው በከብት ተሞልቶ ጠበቀን። ከሁሉ አስቀድመው የፈረሙት አያ ካሴ ከነበሬዎቻቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አያ ካሴ፣ ትናንት ፈርመው አልነበረም?» አልኳቸው።

«ፈርሜያለሁ እንጂ» አሉኝ፣ በጣም ቅር ብሏቸው። «እኔ መች ካድሁ? ከብቱ ነው ያልፈረመ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየወጣን ከብት ማባረር ሆነ ሥራችን። በዚህ በኩል ስናባርር በዚያ በኩል ይገባል። ደሳለኝ አራተኛ ስብሰባ ልጥራ አለኝ። እኔ በዚያ ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ቃጣኝ።

ይህን ጊዜ ነው ብርቄ ሁለተኛዋን ንግግሯን ያደረገችው።

«ቄስ አድማሱ ቢገዝቱትስ?» አለች፣ ጫማዋን እያየች።

ግዝት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ካህን በተሰጠው ሥልጣን ይህን ያደረገ ውጉዝ ይሁን ካለ አለቀ፤ ያን የጣሰ ሰው ካህኑ ራሱ እስኪፈታው ድረስ ከሰው አይበላም፣ ሰላምታ አይሰጠውም። ወረቀት የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ጥበቃ አይቀጠርለትም። እኔ የዘመናዊ አመራር መምህር ነኝ፤ ትንሽ አንገራገርኩ። «ነባር ተቋማትን መጠቀም» የሚል ምዕራፍ እንዳለን ግን ደሳለኝ አስታወሰኝ። ተስማማሁ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ መልካም ነበር። ቄስ አድማሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ፈገግ የሚሉ። «ሳሩን ያጨደ፣ እንጨቱን የቆረጠ፣ ከብቱን ያሰማራ ብዬ እገዝታለሁ» አሉን። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። «አባቴ፣ ይኼ ክፍተት አለበት» አልኳቸው። «አንዱ ከብቴን አላሰማራሁም፣ ዝም ብዬ አሳልፌ ነው ይልዎታል። ‘ሰውም ሆነ እንስሳ በማናቸውም ምክንያት እግሩን ያስገባ’ ቢሉት ጥብቅ ይሆናል።» ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ። «በማናቸውም ምክንያት?» አሉ። «በማናቸውም ምክንያት» አልኩ፣ በኩራት። ብርቄ የሆነ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት፤ እኔ ግን ቀጠልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ያልኳቸውን ቃል በቃል ተናገሩ። «በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን» ሲሉ ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። ሰኞ ጠዋት ኮረብታው ላይ አንድ ዝንጀሮ እንኳ አልነበረም።

ደስታችን ለከት አጣ። ደሳለኝ «መምህር፣ ለውጥ መጣ» እያለ ያቅፈኛል። ወዲያው ለኮሌጁ የሚላክ ሪፖርት ማርቀቅ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነው አንዲት ልጅ መጥታ «ችግኙስ?» ያለችኝ።

ችግኙ ኮረብታው ላይ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሰኞ እንተክለዋለን ብለን ሁሉንም ጫፉ ላይ አውጥተን ደርድረነዋል። አካፋና ዶማውም እዚያው ነው። የመንደሩ የስልክ ኔትወርክም ከዚያ ጫፍ በቀር የትም አይገኝም። ለቄስ አድማሱ ሄጄ ልንገራቸው ብዬ ብሮጥ ቤታቸው ተዘግቷል። ያስተማሯቸው የኔታ ተዝካር ስላለ ቤተ ልሔም ወደሚባለው ደብር ሄደዋል። ሌላ ካህን ጋ ሮጥን። «ያሰረው ይፍታው፤ እኔ የሌላ ሰው ግዝት አልነካም» አሉን። ሰው ልንልክ ስንል ደግሞ በዚያ በኩል ያለው ወንዝ ሞላ።

ተማሪዎቼ ስልካቸውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስረው ወደ ኮረብታው በኩል እያነሡ ኔትወርክ ይለምኑ ጀመር። እግር እንጂ እንጨት አልተገዘተም ተብሎ ተፈቀደላቸው። በዚህ ዘዴ አንድ መልእክት ብቻ ገባ፤ የኮሌጁ ነው። ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ አርብ ዕለት መጥተው የተተከለውን ችግኝ እንደሚጎበኙ ይነግረናል።

እንግዲህ ከግዝቱ ወዲህ ሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ሽንት ቤት ስሄድ ዳልቻ መንገዱ ላይ ታስራ ቆማለች። አልፋለሁ ብል አታሳልፈኝም፤ በዚያ ትልቅ ዐይኗ ታየኛለች። ያን ጠዋት ላም እንኳ የምትገመግመኝ መሰለኝ። ገመዷን ከችካሉ ፈትቼ ወደ አጥሩ ወሰድኩና አንዲት ቁጥቋጦ ላይ አሰርኳት። ማሰሬ እውነት ነው። የጫማ ክር በማስርበት አስተሳሰር ነው ግን።

ከሽንት ቤት ስወጣ ዳልቻ የለችም። ቀና ስል ኮረብታው መሀል ላይ አየኋት። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ማንም ያልነካው ሳር ለብቻዋ ተሰጥቷት ትግጣለች።

መንደሩ በሙሉ ኮረብታው ግርጌ ተሰበሰበ። ጨው አሳዩዋት፤ «ነይ ዳልቻ፣ ነይ እናቴ» ብለው ጠሯት። ቀና ብላ አየችንና ወደ ሳሯ ተመለሰች። በስድስት ሰዓት ግድም መጋጥ ትታ መዞር ጀመረች፤ ቀጥሎ ተኛች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተኛች። «ምጥ ነው» አሉ ሴቶቹ። ያ ኮረብታ ጅብ አያጣውም። ሳይመሽ ካልወጣች ላምም ጥጃም የለም።

እማማ ስንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። «አጥብቄ ነበር የማስራት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ነኝ፤ ዛሬ እጄ ሰንፎ ነው እንጂ አጥብቄ ነበር የማስራት።»

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ አፈርኩ። ያሰርኳት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በምትኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ «እኔ ገብቼ አመጣታለሁ» አልኩ። ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ። ተማሪዎቼ ሰባቱም ያዩኛል። የግዝቱ ድንበር የድንጋይ ክምር ነው። እዚያ ደረስኩና ቀኝ እግሬን ከፍ አድርጌ አነሣሁ፤ ልክ በክፍል እንደማደርገው።

እግሬ አልወርድም አለ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልፈራም እያልኩ ነው የኖርኩት። ግን መካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ሳለሁ እናቴ ግዝት የጣሰ ሰው ያለበትን ቤት በሩቅ እያሳየችኝ ታሳልፈኝ ነበር፤ ጎረቤት እሳት የማይጫርበት ቤት። ያ ቤት በዚያች ሰዓት ድንጋዩ ማዶ የቆመ መሰለኝ። እግሬን እንዳነሣሁ ብዙ ቆየሁ። ሽመላ እንዲያ ይቆማል። በመጨረሻ እግሬን ወደነበረበት መለስኩና፣ እግዜር ይይልኝ፣ የሚከተለውን ተናገርኩ፦

«እስቲ መጀመሪያ ሁኔታውን እንገምግም።»

ደሳለኝ ወዲያው ደብተር አወጣ። አያ ካሴ ወደ ሰማይ አዩ።

ብርቄ ጫማዋን አወለቀች፣ ጎን ለጎን አስተካክላ ድንጋዩ ሥር አስቀመጠች፣ አማተበች፣ ገባች። ሴቶቹ «ወየው!» አሉ። እሷ ዞራም አላየችን። በዚያ ዳገት ላይ ነጠላዋ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ላሚቱ አጠገብ ስትደርስ ተንበረከከች። ሲያዋልዱ በሩቅ ማየት ምንኛ ያደክማል! እኔ እዚያ ቆሜ ለዳልቻ አብሬ የማምጥላት ይመስለኝ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርቄ ተነሣች፤ ጥጃው በነጠላዋ ተጠቅልሎ ታቅፋዋለች። ዳልቻ ጥጃዋን እየላሰች፣ እየተደናቀፈች ከኋላዋ መጣች።

እማማ ስንዱ ላሚቱ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ከዚያ ብርቄን ሊያቅፉ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው ግን መሀል ላይ ቆመ። ብርቄ ራሷ ናት ወደኋላ ያለችው። «ይቅር እማማ፣ እስኪፈቱኝ ድረስ አይንኩኝ» አለች።

ቀጥሎ ሌላ ክርክር መጣ፤ ጥጃው ገብቷል ወይስ አልገባም? «እግሩን መች አስገባ? እዚያው ነው የተወለደ» አሉ አያ ካሴ። «በእናቱ ሆድ ሆኖ ገብቷል እንጂ» አለ ሌላው። ወተቱ ይጠጣል አይጠጣም በሚለው ላይም መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። በብርቄ ላይ ግን ሁሉም አንድ ነበሩ። ያን ምሽት ምግቧ በተለየ ሳህን ተደርጎ ደጅ ተሰጣት። በዝናብ ጠፈጠፍ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ስትበላ በበሩ አያታለሁ። እኔ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ከሰዎች ጋር በላሁ። ሁለት ጊዜ ጨምሩ ተብዬ ጨምሬያለሁ። ያ እንጀራ እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ አለ።

አርብ ኃላፊው በበቅሎ መጡ። ትልቅ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ደሳለኝ ስለ ለውጡ አንድ ሰዓት ተናገረ። «ችግኙን ላየው» አሉ። ጫፉ ላይ ነው አልናቸው። ከበቅሏቸው ወርደው ሽቅብ ጀመሩ፤ ማንም አልተከተላቸውም። ዞር ብለው «ምነው?» አሉ። ምክንያቱን ነገርናቸው። «እንዲህ ያለውን ኋላ ቀር አስተሳሰብማ መስበር ነው!» ብለው ተቆጡና እስከ ድንጋዩ ክምር ሄዱ። እዚያ ደርሰው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ወደ ኮረብታው አዩ፣ ወደ እግራቸው አዩ።

«ከዚህም በደንብ ይታያል» አሉና ፎቶ አነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኒያን ሰው እወዳቸዋለሁ።

ቅዳሜ ወንዙ ጎደለ፤ ቄስ አድማሱ ገቡ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሰዉ ከበበ። ብርቄ መጥታ እግራቸው ሥር ወደቀች።

«ገባሁ አባቴ» አለች።

«ለምን ገባሽ ልጄ?»

«ላም ላወጣ።»

ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን አወጡ። «እኔ የገዘትሁ ሳሩ እንዲድን ነው» አሉ። «ነፍስ እንድትጠፋ አልገዘትሁም። እግዚአብሔር ይፍታሽ።» መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ ለሁሉም፣ ለላሚቱም፣ ለጥጃውም ፈቱ፤ ግዝቱ ከብት በሚያሰማራ ላይ ብቻ ጸና። እማማ ስንዱ ሮጠው ብርቄን አቀፏት፤ ከሐሙስ ጀምሮ ያጠራቀሙትን እቅፍ በአንዴ ለቀቁት። እኔም ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ያለቀ መስሎኛል።

«ቆይ እስቲ» አሉ ቄስ አድማሱ። «ላሚቱ ግን እንዴት ገባች?»

«እኔ ነኝ አባቴ» አሉ እማማ ስንዱ። «ላልቶብኝ ነው። ቀኖናዬን ይስጡኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ያን ጊዜ ብርቄ አየችኝ። ሐሙስ ኮረብታው ላይ የላሚቱን ገመድ ያነሣችው እሷ ናት፤ ጫፉ ላይ የቀረው የጫማ ክር ቋጠሮ የእማማ ስንዱ እንዳልሆነ ታውቃለች። በክስ ዐይን አይደለም ያየችኝ። መልሱን የሚያውቅ ተማሪ እጁን እስኪያወጣ የምጠብቅ ጊዜ እኔ እንዲያ ነው የማየው። እጄን አወጣሁ። እንደ ተማሪ፣ አንድ ጣቴን ቀስሬ።

«ያሰርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «መንገድ ዘግታብኝ ፈትቼ ያሰርኳት እኔ ነኝ። ሐሙስም አውቅ ነበር።»

እማማ ስንዱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ እያዘኑ ይሁን እየሳቁ አላወቅሁም።

«አንተ መምህር» አሉ ቄስ አድማሱ፣ «‘በማናቸውም ምክንያት’ በል ያልኸኝም አንተ አይደለህም?»

«ነኝ አባቴ።»

«ልጅቱ ስትገባ የት ነበርህ?»

«ዳር ላይ ቆሜ።»

«ምን ስትሠራ?»

አያ ካሴ አላስጨረሱኝም። «ሁኔታውን ሲገመግሙ ነበር» አሉ፣ በጣም በትሕትና።

ቄሱ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ስግደት ብሰጥህ ጉልበትህን ታመካኛለህ» አሉኝ። «ችግኙን አንተ ትተክላለህ። ብቻህን። ተማሪዎችህ ደግሞ ዳር ቆመው ሁኔታውን ይገምግሙ።»

ችግኙ ስንት እንደነበረ ወገቤ ያውቃል። ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ዝናብ ቆፈርኩ። ተማሪዎቹ በታዘዙት መሠረት ዳር ቆሙ። ደሳለኝ የመጀመሪያውን ቀን ማስታወሻ ያዘ፤ በሁለተኛው ቀን አፍሮ ተወው። በሦስተኛው ቀን ብርቄ ድንጋዩን ተሻግራ ዶማ አነሣች። አባቴ ብቻህን ብለዋል አልኳት። «ስለ እኔ አላሉም» ብላ መቆፈር ጀመረች። ቀስ በቀስ ሁሉም ገቡ፤ አያ ካሴም ሳይቀሩ ገቡ፣ ከነበሬዎቻቸው አይደለም። ወደ ኮሌጅ ስንመለስ ቅጹን አውጥቼ የሞላሁትን ሰረዝኩ። ለብርቄ የሚስማማ ቃል ከምርጫዎቹ መሀል አጣሁ። «እጅግ ከፍተኛ» ጎድሎ ታየኝ። «ገባች» ብዬ ጻፍኩ። ሬጅስትራሩ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶብኛል።

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። ብርቄ ተመርቃ እዚያው መንደር በመምህርነት ተመደበች፤ ለምና ነው አሉ። እኔ ይኸው አሁንም ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። እግሬን ማንሣት ግን ትቻለሁ።

ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል። የት ሆነሽ ነው አልኳት።

«ኮረብታው ጫፍ ላይ ነኛ፣ መምህር። ከእርስዎ ዛፍ ሥር። ጥላው እኮ ደርሷል።» ሳሩ በየተራ እንደሚታጨድ፣ ጎርፉ እንደቀነሰ ነገረችኝ። እማማ ስንዱ ደህና ናቸው። ዳልቻ አርጅታለች። ያ ጥጃም አድጎ በሬ ሆኗል፤ እማማ ስንዱ ስሙን «መምህር» ብለውታል።

«እያረሰ ነው?» አልኳት፣ ትንሽ ደስም ብሎኝ፣ ትንሽ ከፍቶኝ።

«ያርሳል። ብርቱ ነው። ብቻ…» ሳቋን ስትውጥ ተሰማኝ። «ብቻ ትልሙ ዳር ሲደርስ አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆማል።»

ወገቤን አሸሁ።

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ምን እናደርገዋለን፣ መምህር?» አለችኝ። «እንጠብቀዋለን። ቆይቶ ይረግጣል።»